ያልተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከምሳ በኋላ ሰልፉ በሳሳበት ሰዓት፣ አንድ ወጣት ወደምሠራበት የባንክ መስኮት ቀረበ። ገንዘብ ሊያስገባም ሊያወጣም አልመጣም። በእጁ የያዛቸውን ወረቀቶች በመስታወቱ ሥር እያሾለከ፣ «ጋሼ፣ መጠይቅ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ነበር፤ ቢሞሉልኝ?» አለኝ። ርዕሱን አነበብሁት። የአገልግሎት አሰጣጥ በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በቡለን ከተማ፣ ይላል። ከሥሩ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «በጣም አልስማማም» እስከሚለው ድረስ አምስት አምስት ሣጥኖች ተደርድረዋል።

ወረቀቱን ሳየው የቆየ የማውቀው ሰው ድንገት መንገድ ላይ ያገኘሁ መሰለኝ። ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት እኔም ልመረቅ ስል፣ ከእኔ ቀድሞ ከተመረቀ ጓደኛዬ ተውሼ፣ የከተማውንና የድርጅቱን ስም ለውጬ የበተንኋቸው ናቸው። እርሱም ከሌላ ሰው ተውሷቸው እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ጽሑፌ ተጠርዞ ገባ፤ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት፤ ተመረቅሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም። ማንም ገልጦት እንደማያውቅም እርግጠኛ ነኝ።

የወጣቱን መጠይቅ ሞላሁለት። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ከእኔ ጋር ቀረ። የዚህ አገር ተማሪ ስለ ምን ሲጽፍ ኖሯል? ይህቺ መጣጥፍ ያን ጥያቄ ይዤ የተጓዝሁባት ናት።

የተማሪን ድርሰት ታሪክ ከዩኒቨርሲቲ መጀመር፣ ወንዝን ከድልድዩ ሥር እንደ መጀመር ነው። ምንጩ ከዚያ በላይ ነው። ከእኛ ቆላ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ቢወጡ በሚገኘው በጎጃም ደጋ፣ በዋሸራና በጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ እያደረ፣ በየዕለቱ አዲስ ድርሰት እንዲያቀርብ ይጠየቅ ነበር። ከሁለቱ ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ መወድስ እስኪደርስ ድረስ በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የትናንቱን መድገም፣ የጓደኛንም መውሰድ ነውር ነው። ርዕሱ ሰፊ ነበር። የዕለቱ በዓል፣ የጻድቁ ገድል፣ የንጉሡ ሞት፣ የባላገሩ ስስት፣ ውሻ ያባረረው የገዛ ራሱ ረኃብ፣ ሁሉም ይቆጠርበታል። ከዚያ ሁሉ የተማሪ ቅኔ ወደ ብራና የወጣው ኢምንት ነው። የቀረው ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ወርዷል።

ዘመናዊው ምዕራፍ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተውጣጡ ወጣቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ተገናኙ። ታዲያ ከእነዚህ ወጣቶች ጥቂቶቹ ዛሬ መለስ ብለን ስናየው የሚያስደንቅ ሥራ ሠሩ። የብሔረሰቦች ጥናት ማኅበር መሠረቱና በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ሲመለሱ፣ የአባቶቻቸውን ልማድ እየጠየቁ መጻፍ ያዙ። ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ ማኅበሩ መጽሔት አሳትሟል። ያ መጽሔት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በአሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት እንደገና ለንባብ በቅቷል።

እስቲ ነገሩን እናስተውለው። ያ ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚማረው የባሕር ማዶን ፍልስፍና፣ የባሕር ማዶን ታሪክ ነበር። መምህራኑ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ምልክቱ ከመንደሩ መራቁ ነበር። እርሱ ግን እናቱን ለቅሶ እንዴት እንደሚወጣ፣ አያቱን ጎጆ እንዴት እንደሚቀለስ ጠየቀ፤ የሰማውንም ጻፈ። ርዕሱ ትንሽ ነበረች፤ እርሱ ግን አላፈረባትም።

ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም በመምህርነት ዘመቱ። አገራቸውን በካርታ ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች በአቧራዋና በጭቃዋ አወቋት።

ከዚያ በኋላ የተማሪው ርዕስ ገዘፈ። ትንሹ ጎጆ ቀረና ትልቁ ቤት መጣ። መሬት ለአራሹ ተባለ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተሰኘው የተማሪዎች መጽሔት ላይ የወጣው የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ ጥቂት ገጾች ብቻ ነበረው። ያ የተማሪ ጽሑፍ ያነሳው ጥያቄ ግን የአገሪቱን ፖለቲካ እስከ ዛሬ ሲያነጋግር ይኖራል። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ክልሎች ሲዘረዘሩ፣ ጎጃም ሥር የቆየው መተከል የአዲሱ ክልል የቤኒሻንጉል ጉሙዝ አካል ሆነ። ቡለንም በዚያው ውስጥ ናት። አሶሳ ርእሰ ከተማችን ሆነች፤ በእርሷና በእኛ መካከል ግን ዓባይ ይፈስሳል።

ትልቁን ጥያቄ አልነቅፍም። ያልተጠየቀ በደል አይታረምም። ነገር ግን ትልቁ ጥያቄ ሕዝቦችን በስም ሲጠራ፣ በሁለት ሕዝቦች መካከል ያለችውን ትንሽ መንገድ፣ ገበያውን፣ ክርስትናውን፣ አበልጅነቱን ለመግለጽ ጊዜ የለውም። እርሱ የትንሹ ርዕስ ሥራ ነው።

ይህን ያስተዋልሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጎራ አልሁ። የሄድሁት የቆዩ የግጥም መጻሕፍትን ፍለጋ ነበር። ያገኘሁት ግን የራሴን አገር ነው።

የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ማለቂያ ያላቸው አይመስሉም። የአንዲት ከተማ ታሪክ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ፣ የአንድ የንግድ መስመር፣ የአንድ ገዥ የሕይወት ታሪክ፣ የዕድር አመሠራረት፣ የአንድ ቋንቋ ድምፆች። አገር ማለት ይህ ሁሉ ነው። በዚህ መካከል መተከል የሚል ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀጥሎም ወንበራ የሚል። ወንበራ ከእኛ የሚያዋስነን ወረዳ ነው። ፀጋ እንዳለው የተባሉ የታሪክ ተማሪ በእ.ኤ.አ. 1997 ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የጻፉት ስለ ወንበራ ኦሮሞ ታሪክ ነበር። የቤታችን ጓሮ የምርምር ርዕስ ሆኖ ሳይ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። እኒያው ሰው ኋላ ጥናታቸውን አስፍተው፣ ከ1898 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ያለውን የመተከል ሕዝቦች ግንኙነት የሚመረምር መጽሐፍ በ2006 በጀርመን አሳተሙ።

ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ ስለዚህ ምድር የተጻፈውን እየፈለግሁ አነባለሁ። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ታደሰ ታምራት በእ.ኤ.አ. 1988 የጎጃምና የወለጋ ጉሙዞች ከደጋ ጎረቤቶቻቸው ጋር ስለነበራቸው ግንኙነት ጽፈዋል። አብዱሰመድ አሕመድ ብዙዎች ዝም ማለትን የሚመርጡትን ርዕስ ደፍረው፣ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ምድር የነበረውን የባሪያ ንግድ መርምረዋል። ወልደ ሥላሴ አቡቴ በጀርመን አገር ለዶክትሬት የሠሩት ጥናት፣ በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ወደ ጣና በለስ የመጡት ከ80,000 የሚበልጡ ሠፋሪዎችና ነባሩ የጉሙዝ ሕዝብ በአንድ መሬት ላይ እንዴት እንደኖሩ ያሳያል። ኮሊን አላንድ የተባሉ አሜሪካዊት ተማሪ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2012 ለዶክትሬታቸው የጉሙዝን ቋንቋ ሰዋስው ጻፉ። በልጅነቴ በገበያ ቀን የምሰማውና ሰዋስው ያለው የማይመስለኝ ቋንቋ፣ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ወፍራም ጥራዝ ሆኖ ቆሟል።

ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን የፀጋ እንዳለው ሌላ ሥራ ነው። በእ.ኤ.አ. 2002 የታተመና «ሚቹ» ስለሚባለው ሥርዓት የሚያትት ነው። ሚቹ በኦሮሞና በጉሙዝ መካከል የቆየ የወዳጅነት ትስስር ነው፤ ትናንት በጥርጣሬ ይተያዩ የነበሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው ከለላ የሚሆንበት። ይህን ሳነብ የአያቴ ቤት ታወሰኝ።

አያቴ ከቆላ የሚመጣ አንድ ጉሙዝ ወዳጅ ነበረው። በቅል ማር፣ በስልቻ ጥጥ ይዞ ይመጣል። ጤፍና ቅቤ ይዞ ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው ሳይኖረው ይመጣና ጤፉን ወስዶ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አያቴ ምንም ሳይሰጥ ማሩን ይቀበላል። ወረቀት የለም፤ ዋስ የለም፤ ወለድም የለም። አያቴ ሲሞት ያ ሰው ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ደረሰ፤ ከአጎቶቼ እኩል አለቀሰ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርሁ። ከሬሳው ይልቅ የእርሱ እንባ ገርሞኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በወረዳችን በበኩጂ ቀበሌ የሆነውን አገር ሁሉ ሰምቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጊዜው ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። በዚያ ሰሞን የተፈናቀሉ ሰዎች በሺዎች ሆነው ወደ ቡለን ከተማ ገቡ። ከእኔ መስኮት ፊት ቆመው፣ የቁጠባ ደብተራቸው ከቤታቸው ጋር የተቃጠለ፣ ስማቸውን ብቻ ይዘው የመጡ ሰዎችን አስተናግጃለሁ። የአንዲት እናት ጣት የጣት አሻራ ለመስጠት እስኪያቅታት ይንቀጠቀጥ ነበር።

የቡለን ስም ያን ጊዜ በዓለም ዜና ተሰማ። ከዚያ በፊት ስሟን ያልሰሙ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲያ ስሟን ከሞት ጋር ብቻ አገናኝተው ያዙት። «እነዚህ ሰዎች ከጥንትም አብረው መኖር አይችሉም» የሚል ቃል ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከብዙ ወገን ሰማሁ። ከምሁር ነኝ ባይም ሰማሁ። እኔ ደግሞ አያቴን አውቃለሁ። ነገር ግን በምን ልመልስለት? የአያቴ ወዳጅ ስሙ ይታወሰኛል፤ የአባቱን ስም ግን አላውቅም። መንደሩ ከየት በኩል እንደሆነ አልጠየቅሁም። ወዳጅነታቸው በምን እንደ ተጀመረ፣ ምን ቃል እንደተለዋወጡ አላውቅም። የሚያውቁት ሁሉ አልፈዋል። ልጆቹ ይኑሩ ይሙቱ የማውቀው የለኝም። በዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት በየክረምቱ ቤቴ ስመለስ፣ አያቴ ባይኖርም አያቴን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ግን የምጠይቀው የተዋስሁትን መጠይቅ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ የድሮውን ማር አድርጌ እያቀረብሁ አይምሰልህ። ከላይ የጠቀስኋቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዚህ ምድር የባሪያ ፍንገላ ነበረ፣ የመሬት ንጥቂያ ነበረ፣ የደም ብቀላ ነበረ። ጉሙዝ በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ሚቹን የወለደውም ሰላም አይደለም፤ ሰላም ማጣት ነው። ሰው ለጠላትነቱ መድኃኒት ፈለገና አገኘው። ለዚህ ነው መድኃኒቱ መጻፍ የሚገባው። በሽታው በየጊዜው ይጻፋል፤ ዜናም ፖለቲካም ይጽፈዋል። መድኃኒቱን ግን ከተማሪ በቀር ማን ተቀምጦ ይጠይቃል?

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም፤ መፍትሔውም በሌላ አገር ተሞክሯል። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ፣ ከ50,000 የሚበልጡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በተለመደው የክፍል ድርሰት ፈንታ አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ ተደረገ። የሙታን ተረት፣ የቁስል መድኃኒት፣ የገበያ ወሬ፣ የታላቁ ረኃብ ትዝታ፣ የተሰወረ ወርቅ፣ ሁሉንም በደብተራቸው ጻፉ። ዛሬ ያ የልጆች የቤት ሥራ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ገጾቹ ጋር ከአገሪቱ ታላላቅ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። ልጆቹ አስተማሪ ያዘዛቸውን ሠሩ እንጂ አገር እናድናለን አላሉም። ያዳኑት ግን አገር ነው።

እኛ ዘንድ ዩኒቨርሲቲ እየቀረበን መጥቷል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በግልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለን። በጉባ የተገነባው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ ውኃውና ስለ ኃይሉ የሚጽፉ የምህንድስና ተማሪዎች አይጠፉም፤ መልካም ነው፤ ይጻፉ። ነገር ግን በየዓመቱ የሚመረቀው ተማሪ ሁሉ አንዳንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ ስንት ሽማግሌ ይተርፍልን ነበር? ሽናሻው የክረምቱን መውጣት በጋሪ ዎሮ ሲቀበል በልቡ የሚለውን፣ ጉሙዙ ማንጊማ ተቀምጦ ደም ሲያደርቅ የሚናገረውን፣ አገው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ሲውሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚከራከሩ፣ ማን ጻፈው?

ያ ወጣት በሳምንቱ የተሞላውን መጠይቅ ሊሰበስብ ሲመጣ፣ ከሥራ በኋላ ሻይ ጋበዝሁት። የማኔጅመንት ተማሪ ነው። ያሰብሁትን ስነግረው በትሕትና አዳመጠኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት የታሪክ ተማሪ ነገር ነው። የኛ ትምህርት ክፍል አይቀበለውም» አለ። ልክ ነበር። ጥቂት ዝም አልሁና፣ «ባንክ ቡለን ከመግባቱ በፊት ሰው ከማን ይበደር ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «አላውቅም» አለ። «ማንን ያምን ነበር? ያለ ወረቀት ለምን አመነው? ያበደረው የቆላ ሰው፣ የተበደረው የደጋ ሰው ሲሆን ማን ዳኘ? ይህ የማኔጅመንት ጥያቄ አይደለም?» አልሁት። አልመለሰልኝም። ነገር ግን እስክሪብቶውን አወጣ።

በሰኔ ተመልሶ መጣ። አማካሪው መጠይቁን እንዳይተወው፣ ነገር ግን አንድ ምዕራፍ እንዲጨምር ፈቅደውለታል። በአባቱ መንደር ያሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ነበር። በሬ ለቆላ ወዳጃቸው በዱቤ ሰጥተው እንደነበር ሲነግሩት፣ «ምስክር ማን ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ሳቁበት። «ምስክር የሚፈለገው ለማይመለስ ሰው ነው» አሉት። ቀጥሎ፣ «አሁንስ እኒያ ወዳጅዎ የት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ብዙ ዝም አሉና፣ «ከ13 ወዲህ አልተያየንም። በሬውን ግን ከፍሎኛል፤ ይህን ጻፍልኝ» አሉት። ጻፈላቸው። ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ፤ በእርሳስ ተጽፏል።

በዚያው ቀን ማታ እኔም አንድ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአያቴን ወዳጅ ስም ጻፍሁ። ከሥሩ ባዶ ነው። ጽሑፉ ለየትኛውም ዲግሪ አይቀርብም፤ አማካሪም የለውም፤ የመመለሻ ቀንም አልተቆረጠለትም። እሑድ እሑድ አያቴን የሚያውቁ ሰዎች የቀሩ እንደሆነ እየዞርሁ እጠይቃለሁ። እስካሁን ሁለት መስመር አግኝቻለሁ።

እናንተስ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ምን ነበር?

ቸር ያሰማን።